ያልደረሱበት ኳስ አይመዘገብም

የዛሬው ወጋችን ስለ ቤዝቦል ነው። ቆይ፣ አትሂዱብን! «ቤዝቦል ማለት ጎልማሶች ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሱፍ የሚቆረጥሙበት ጨዋታ ነው» የምትለዋን ቀልድ እኛም እናውቃታለን። እንዲያውም አንድ ሰሞን ቀልዷን ከማንም በላይ ያሰራጨናት እኛ ነን። አሁን ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። በዚህ ጨዋታ ምክንያት እራት ቀዝቅዟል፣ ቡና ሳይጠጣ በርዷል፣ ሁለት ቀን መኮራረፍም ነበር።

እኛ ሦስት ነን። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ አፓርታማ የምንጋራ፣ ሦስታችንም ጋዜጠኝነት የተማርን፣ ሦስታችንም ሃያዎቹ ውስጥ ያለን ሴቶች። በኪራዩ፣ በሽሮውና በኢንተርኔቱ ክፍያ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ እንስማማለን። የማንስማማበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከፕሮፌሽናል ቤዝቦል ተጫዋቾች ሁሉ ምርጡ ሾርትስቶፕ ማን ነው? ክርክሩ ስለበረታ ቤት ውስጥ ስማችን ተረስቶ «የሪፕከኗ»፣ «የጄተሯ»፣ «የኦዚዋ» ተባብለናል።

እናንተም እኮ ይህን በሽታ ታውቁታላችሁ። ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ ተብሎ ስንት ምሽት አልፏል? ሩጫ ግን ቢያንስ ሰዓት አለው። ቀነኒሳ በ2004 የኃይሌን የ5 ሺህ እና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኖች ሲሰብር ሰዓቱ አደባባይ ላይ የተሰቀለ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።) የሾርትስቶፕ ጣጣው ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። ቁጥር ሞልቶታል፤ የትኛው ቁጥር ምን እንደሚለካ ግን ያጣላል።

ጨዋታውን ለማታውቁት አጠር አድርገን እናስረዳ። በቤዝቦል አጥቂው ዱላ የያዘው ሰው ነው። ተከላካዩ ቡድን ዘጠኝ ሰዎቹን ሜዳው ላይ ይበትናል። መቺው ኳሷን መትቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ይሮጣል፤ ኳሷ መሬት ለመሬት ሄዳ ከተያዘችና ከእሱ ቀድማ አንደኛ ቤዝ ከደረሰች በቃ፣ ወጣ። ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ነው። አብዛኛው መቺ በቀኝ በኩል ቆሞ የሚመታ ስለሆነ መሬት ለመሬት የሚበሩት ኳሶች በብዛት የሚመጡት ወደዚያው ነው። መቺው እስከ አንደኛ ቤዝ ያለችውን 27 ሜትር በአራት ሰከንድ ከምናምን ይጨርሳታል። ሾርትስቶፑ በዚያች አራት ሰከንድ ውስጥ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ መገመት፣ እዚያ መድረስ፣ መያዝና መወርወር አለበት፤ ውርወራው አንዳንዴ ከ35 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ተመልሶ ዱላ ይይዛል፣ እንደማንኛውም ሰው ይመታል። ክርክሩ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ለአንደኛ ቤዝ ተጫዋች መምታት ከቻለ ብዙ ነገር ይማርለታል። ሾርትስቶፕን ግን የምንመዝነው በዱላው ነው ወይስ በጓንቱ?

እንግዲህ ወደ ጎራዎቹ እንግባ።

የሪፕከኗ እዚሁ ሜሪላንድ ያደገች ናት። ከ1972 እስከ 2004 ዋሽንግተን የራሷ የሜጀር ሊግ ቡድን ስላልነበራት ብዙ የአካባቢው ሰው የሚደግፈው የባልቲሞርን ኦሪዮልስ ነበር። አባቷ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ጨዋታውን የለመዱት በሬዲዮ ነው። ካል ሪፕከን ጁኒየር መስከረም መግቢያ ላይ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995፣ የሉ ጌሪግን 2,130 ተከታታይ ጨዋታ አለፈ፤ በ1998 ራሱ እስኪያቆም ድረስም 2,632 አደረሰው። 431 ሆም ረን አለው፣ 3,184 ሂት አለው፣ በ1983 እና በ1991 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ሾርትስቶፕ ትንሽና ቀልጣፋ ሰው ነው በሚባልበት ዘመን 1 ሜትር ከ93 ቁመቱን ይዞ መጥቶ ለኋለኞቹ ረጃጅሞች በር ከፍቷል። አባቷ ግን ስለ ሪፕከን ሲነሳ ይህን አንዱንም አይጠቅሱም። «ልጆቼ፣ ሰውየው ከሥራ አልቀረም» ይላሉ፤ በቃ። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ የነዳ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከየት ያምጣ?

የጄተሯ መከራከሪያ አጭር ነው፤ «ቀለበቱን ቁጠሩ» ትላለች። ዴሪክ ጄተር ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1996፣ በ1998፣ በ1999፣ በ2000 እና በ2009። 3,465 ሂት አለው። በ2020 ለዝነኞች አዳራሽ ሲመረጥ ከ397 ድምፅ ሰጪ ጋዜጠኞች 396ቱ መርጠውታል። (ያን አንድ ሰው እስከ ዛሬ የጄተሯ አልማረችውም። ሙያ ባልደረባችን ስለሆነ እኛ ዝም ብለናል።)

የኦዚዋ ደግሞ ስለ ዱላ ማውራት አትፈልግም። ኦዚ ስሚዝ በ19 ዓመት ውስጥ የመታው ሆም ረን 28 ብቻ ነው። ነገር ግን ከ1980 እስከ 1992 ለ13 ተከታታይ ዓመታት የወርቅ ጓንት ሽልማትን ሌላ ሾርትስቶፕ ከናሽናል ሊግ አልወሰደም። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ1978፣ ኳስ ለመያዝ ወደ ግራው ሲወረወር ኳሷ ነጥራ አቅጣጫ ቀየረችበት፤ አየር ላይ እንዳለ ጓንት በሌላት እጁ ያዛት፣ ተነስቶም መቺውን አስወጣ። ቪዲዮው አለ፤ ፈልጋችሁ እዩት፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ተከራከሩን።

ከሦስቱም በላይ የሁሉም አያት የሚባል አለ፤ የፒትስበርጉ ሆነስ ዋግነር። ስምንት ጊዜ የሊጉን የመምታት አማካይ መርቷል፣ በ1936 ለዝነኞች አዳራሽ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች አንዱ ነው። ምስሉ ያለባት አንዲት የካርቶን ቁራጭ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ዱላና ጓንት ሲደመር ከእሱ የሚበልጥ የለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ቤት ግን ተወካይ ስላላገኘ ድምፁ አይሰማም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክርክራችን ለረጅም ጊዜ የደጋፊ ክርክር ነበር፤ የእኔ ሰው፣ የአንቺ ሰው። የቀየረው አንድ ቃል ነው። ስህተት።

በቤዝቦል ተከላካይ ሊይዛት የሚገባትን ኳስ ካበላሸ መዝጋቢው «ስህተት» ብሎ በስሙ ይጽፍበታል። ለመቶ ዓመት ያህል ጥሩ ተከላካይ የሚባለው ስህተቱ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር። የሚመስል ነገር ነው፣ አይደል? እስቲ ቀስ ብላችሁ አስቡት። ኳሷ በሁለት ሾርትስቶፖች መካከል ምርጫ ቢኖራት እንበል። አንደኛው ፈጣን ነው፤ ሩቅ ሮጦ ይደርስባታል፣ ግን ከጓንቱ ታመልጠዋለች። ስህተት ተጻፈበት። ሁለተኛው አልደረሰባትም። ኳሷ በአጠገቡ ሽው ብላ አለፈች። ስሙ ላይ ምን ተጻፈ? ምንም። መዝገቡ ላይ ለመቺው ሂት ተብሎ ይጻፍለታል፣ ሾርትስቶፑ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ያልደረሰበት ኳስ የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

ይህን ከገባን በኋላ የጄተሯ እንቅልፍ አጣች። ጄተር የወርቅ ጓንት አምስት ጊዜ ወስዷል፤ በ2004፣ በ2005፣ በ2006፣ በ2009 እና በ2010። ሽልማቱን የሚሰጡት አሠልጣኞች ነበሩ፤ በዓይናቸው አይተው። ኳሷ ወዴት እንደተመታችና ማን መድረስ እንደነበረበት እየቆጠሩ የሚሠሩት ስሌቶች ግን በአብዛኞቹ ዓመታት ጄተርን ከአማካዩ በታች ያስቀምጡታል። በ2006 ጆን ዴዋን ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ቢል ጄምስ የሚባለው የቤዝቦል ስሌት አባት ጄተርን ከሂውስተኑ አዳም ኤቨረት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ኤቨረት ማን ነው? እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። ዱላው ደካማ፣ ማስታወቂያ ላይ የማይታይ፣ ዝምተኛ ሾርትስቶፕ። ኳስ ላይ በመድረስ ግን ጄተርን በብዙ አስከንድቶታል።

ዓይን እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? የጄተር ዝነኛ እንቅስቃሴ አለች። ወደ ቀኙ ሮጦ፣ ኳሷን በጓንቱ ጀርባ በኩል ይዞ፣ አየር ላይ ዘሎ ይወረውራል። ታምራለች! ነገር ግን መዝለል ያስፈለገው አንዳንዴ ዘግይቶ ስለደረሰ ሊሆን ይችላል። ሪፕከን ብዙም አይዘልም ነበር። ወርዋሪው ምን ሊወረውር እንደሆነ፣ መቺው ያንን ወዴት እንደሚመታ አስቀድሞ አስልቶ ስለሚቆም ኳሷ ወደ እሱ የምትመጣ ነው የሚመስለው። ሥራው ኳሷ ከመመታቷ በፊት አልቋል። ያን ደግሞ ማንም አያጨበጭብለትም። በ1990 በዓመቱ ሙሉ ሦስት ስህተት ብቻ ተመዝግቦበት የወርቅ ጓንቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ለጄተሯ ፍትሕ እንስጣት። ኦክቶበር 13 ቀን 2001 ያንኪስ ኦክላንድን 1 ለ 0 እየመሩ ሳለ፣ ከሩቅ የመጣች ውርወራ የሚቀበሏትን ሰዎች አልፋ ሄደች። ጄተር ሾርትስቶፕ ይደርስበታል ተብሎ ከማይታሰብበት ቦታ ብቅ አለ፤ ሜዳውን አቋርጦ ሮጦ ኳሷን ያዘና በጎን ወደ ሆርሄ ፖሳዳ ገፋት። ጄረሚ ጂያምቢ ወጣ፤ ጨዋታውም በዚያው 1 ለ 0 አለቀ። «ይህን በየትኛው ስሌታችሁ ታስገቡታላችሁ?» ትላለች። መልስ የለንም። በዓይን የሚታይ እውነትም አለ።

ግን እኛም ጥያቄ አለን። በ2004 አሌክስ ሮድሪገዝ ወደ ያንኪስ ሲመጣ በ2002 እና በ2003 በሾርትስቶፕነት የወርቅ ጓንት የወሰደው እሱ ነበር። በ2002 የመታቸው 57 ሆም ረኖችም ለሾርትስቶፕ ክብረ ወሰን ናቸው። ቦታ የለቀቀው ማን ነው? ሮድሪገዝ፤ ወደ ሦስተኛ ቤዝ ሄደ። (በ2009 ደግሞ ከ2001 እስከ 2003 የተከለከለ መድኃኒት መጠቀሙን ራሱ ስለተናገረ 57ቱን እንዴት እንቁጠራቸው የሚለው ሌላ የሦስት ቀን ክርክር ነው።) ጄተር የቡድኑ አምበል ነበር፤ ስም አለው፣ ወንበሩ የእሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ቦታ ላይ አይታችሁ አታውቁም?

እኛ አይተናል። ቤታችን ውስጥ ይህ ክርክር ከጨዋታ በላይ የሆነውም ለዚህ ነው።

ከትምህርት በኋላ በሠራንበት አንድ የዜና ክፍል (ስሙ ይቆየን) አንዲት ባልደረባ ነበረችን። እሳት ተነሳ ሲባል ሌሊት የምትሄድ፣ ማንም የማይገባበት የፍርድ ቤት ችሎት ላይ የምትቀመጥ፣ የሰፈር ስብሰባ እስከ መጨረሻው የምትጠብቅ ልጅ። ከሁላችንም በእጥፍ ትጽፍ ነበር። ሌላ ባልደረባም ነበረን፤ ከወንበሩ የማይነሳ፣ የተላከለትን መግለጫ ቀባብቶ የሚያወጣ። የዓመቱ መጨረሻ ግምገማ መጣ። ሰንጠረዡ ላይ «የታረሙ ዘገባዎች» የሚል ዓምድ ነበረ። የእሷ አምስት፣ የእሱ ዜሮ። አንዱ የሰው ስም ፊደል ነው፣ አንዱ የስብሰባ ሰዓት ነው፤ ዓምዱ ግን ቁጥር እንጂ ምክንያት አይጠይቅም። እድገቱ ለማን እንደተሰጠ መናገር አለብን?

እንዳትሳሳቱብን፣ እርማት ቀላል ነገር ነው አላልንም። አንባቢ ትክክለኛ ነገር ይገባዋል፤ ስህተት ይቆጠር። እኛ የምንለው ከጎኑ ሌላ ዓምድ ይኑር ነው። ማንም ያልተገኘበት ችሎት፣ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ፣ ሳይጻፍ የቀረው ዘገባ የት ይመዝገብ? ልጅቷ ከዚያ በኋላ ተለወጠች። አጠራጣሪ ኳስ ስትመጣ ቆማ ማሳለፍ ጀመረች። በቀጣዩ ዓመት እርማቷ ዜሮ ሆነ፤ አለቆቹም «ተሻሽላለች» ብለው ጻፉላት። ያን ዓመት ያ ችሎት ያለ ጋዜጠኛ ነበር የዋለው።

ቤዝቦል ቢያንስ ዓምዱን እያስተካከለ ነው። ከ2013 ጀምሮ የወርቅ ጓንት ውጤት ሩብ ያህሉ ከስሌት ይመጣል። ከ2015 ጀምሮ ስታትካስት የሚባለው የካሜራ ሥርዓት በሜጀር ሊግ ስታዲየሞች ሁሉ ኳሷንም ሰውንም ይከታተላል። የት ቆሞ ነበር? ምን ያህል ርቀት ሮጠ? ሌላ ሰው ቢሆን ይደርስባት ነበር? አሁን ያለፈችዋ ኳስም ትጠየቃለች።

ይሁን እንጂ ካሜራ የማይመልሰው ነገር አለ። ጆን ሄንሪ ሎይድ የሚባል ሾርትስቶፕ ነበር፤ «ፖፕ» ይሉታል። ብዙዎች «ጥቁሩ ዋግነር» ብለው ጠርተውታል። ዋግነር በሜጀር ሊግ ሲነግሥ ሎይድ በቆዳው ቀለም ምክንያት በሩ ተዘግቶበት ከጥቁሮች ቡድን ወደ ጥቁሮች ቡድን እየተዘዋወረ ይጫወት ነበር። በሩ የተከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲሰለፍ ነው። ሮቢንሰን ራሱ በ1945 ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ የተጫወተው በሾርትስቶፕነት እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሎይድ በ1977፣ ሌላው ታላቅ የኒግሮ ሊግ ሾርትስቶፕ ዊሊ ዌልስ በ1997 ለዝነኞች አዳራሽ በቁ። ሜጀር ሊግ ደግሞ በ2024 ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የኒግሮ ሊጎች አኃዞች ከራሱ መዝገብ ጋር አዋሕዷል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ሎይድ የተወለደው በ1884 ነው፤ ጉልበቱ የሞላባቸው ዓመታት ከ1920 በፊት ናቸው። እነዚያ ዓመታት ዛሬም ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ስለዚህ «በታሪክ ምርጡ» በተባለ ቁጥር ቢያንስ አንድ ወንበር ባዶ ትተን ብንከራከር ደግ ነው። ምርጥ የምንለው ከተቆጠሩት መካከል ነውና።

ዛሬስ? የዛሬዎቹን ስናይ ዱላና ጓንት የታረቁ ይመስላል። የካንሳስ ሲቲው ቦቢ ዊት ጁኒየር በ2024 የአሜሪካን ሊግን የመምታት አማካይ በ.332 መራ፣ 32 ሆም ረን መታ፣ የወርቅ ጓንትም ወሰደ። የሊጉ ኮከብነት ግን 58 ሆም ረን ለመታው አሮን ጀጅ ሄደ። በዚያው ዓመት በናሽናል ሊግ ሁለተኛ የወጣው የሜትሱ ፍራንሲስኮ ሊንዶር ነው፤ እሱም ሾርትስቶፕ። አያችሁ? ሁለቱም ሁለተኛ! የኦዚዋ ይህን ባነሳች ቁጥር ድምጿ ይጨምራል።

በ2025 ደግሞ ሙኪ ቤትስ ነበር። በቀኝ ሜዳ ተከላካይነት ስድስት የወርቅ ጓንት የወሰደ ሰው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ወደ ሾርትስቶፕ መጣ። በዱላ ረገድ ያ ዓመት ከዓመቶቹ ሁሉ የደከመው ነበር። ቶሮንቶ ላይ፣ የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ፣ አሥራ አንደኛ ዙር፣ ዶጀርስ 5 ለ 4 እየመሩ ሳለ መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ ወደ ሾርትስቶፕ ሄደች። ቤትስ ያዛት፣ ሁለተኛ ቤዝን ረገጠ፣ ወደ ፍሬዲ ፍሪማን ወረወረ። ሁለት ሰው በአንድ ኳስ ወጣ፤ ሻምፒዮናውም አለቀ። ያን ምሽት ስንት ሆም ረን መታህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ፍርዳችሁ ምን ሆነ ለምትሉ፣ ድምፅ ሰጥተናል፤ ኦዚ ስሚዝ ሁለት ለአንድ አሸንፏል። የጄተሯ አልተቀየረችም። ሁለተኛዋን ድምፅ የሰጠችው የሪፕከኗ ናት፤ ለአባቷ እንዳትነግሩብን። ምክንያታችንም ከወርቅ ጓንቶቹ ይልቅ አንዲት ቁጥር ናት። ኦዚ በ1980 ኳስ ይዞ ለሌላ በማቀበል ሰው በማስወጣት የተመዘገበለት 621 ነው፤ በአንድ ዓመት ለሾርትስቶፕ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ይህች ቁጥር ስንቱን አበላሸ አትልም፤ ስንቱ ላይ ደረሰ ትላለች። እኛም ሰው ሲገመገም ቀድሞ ይህ እንዲጠየቅ እንፈልጋለን፤ በሜዳም፣ በዜና ክፍልም።

ከባዷን ወንበር አጠገብ ቆመን ለፖፕ ሎይድ ባርኔጣችንን አንስተናል። እናንተ ማንን ትላላችሁ? ዋግነር የምትሉ ካላችሁ ኑ፤ አራተኛ ሰው እንፈልጋለን፣ ኪራዩም ይቀልልናል።